በግራ እጄ ላስፈረመችኝ የሕግ ባለሙያ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ በግራ እጄ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ነው የጻፍኩት። ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሥጋ ማቀነባበሪያ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ስሙን አልጠራም። ለፋሲካ ሥራ ሲበዛ የሥጋ መፍጫው መከለያ «ያዘገየናል» ተብሎ ተነሣ፤ ሥጋውንም በእጃችን መግፋት ጀመርን። ማሽኑ የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ወሰደ። ማሽኑን ማን እንዳቆመው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማስታውሰው ነጭ ሽርጤን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ግን ከጣቶቼ በላይ አመመኝ። ቁስሌ ሳይደርቅ «ጥፋቱ የራስህ ነው» ተባልኩ። 5000 ብር ሰጥተው፣ የግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አሳረፉኝ። እኔ እኮ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ! «ጉዳይህን እጨርስልሃለሁ» ያለኝ ሰው ደግሞ የባለቤቴን የዕቁብ ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። በየቢሮው መልሱ «ነገ ተመለስ» ነበር። ስንት ነገ አለፈ!

ተስፋ ቆርጬ ዘጌ እናቴ ዘንድ ገባሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ ከዘጌ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት ያመላልስ ነበር፤ ደንገሉን ሲያስር ገመዱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ያን ሰሞን የአንዲት ፍየል ገመድ መቋጠር አቃተኝ። እናቴ አይታ ፊቷን አዞረች።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ የነገረኝ የጎረቤት ልጅ ነው። «ነጻ» የሚለውን ቃል አላመንኩትም ነበር፤ ግን ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ መጀመሪያ ወንበር ሳበችልኝ፤ ከዚያ ያን ወረቀት ቃል በቃል አነበበችልኝ። ሕጉ ሁሉ ገብቶኛል አልልም። የገባኝን ግን እናንተም ያዙት። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። ለዘለቄታ ጉዳት የሚከፈል ካሣም አለ፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው።

ማመልከቻው ሲያልቅ አውራ ጣቴን ዘረጋሁላት፤ ቀለም የምታመጣ መስሎኝ። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «በግራ እጅዎ ይፈርሙ፤ አንቸኩልም» አለችኝ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አዲስ አተመችልኝ። በአራተኛው የስሜ ፊደላት ተንጋደው ቆሙ። እዚያው ፊቷ አለቀስኩ።

ክርክሩ ወራት ፈጅቶ ካሣዬ ተከፈለኝ። ስለ ክርክሩ ብዙ አትጠይቁኝ፤ የደከመችው እርሷ ናት። አንድ ሳንቲም አልተቀበለችኝም፤ እናቴ የላከችላትን የዘጌ ቡና እንኳን በስንት ልመና ነው የወሰደችው።

እባካችሁ፣ በማሽን የተጎዳችሁ ወገኖቼ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጡት ሂዱ። ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የሕክምና ማስረጃችሁንና የቅጥር ደብዳቤያችሁን ያዙ፤ ይርጋ የሚባል የጊዜ ገደብ ስላለ አትዘግዩ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ!

አንቺም እህቴ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።