ስምንት ወር ከቲዩብ ኦቨርድራይቭ ፔዳሌ ጋር

ውስጡ ቲዩብ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) ያለው፣ የጊታሬን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልሸጠው ነበር። ኮርድ ስመታ ኖታዎቹ አይለዩም፣ ድምፁ የታፈነ ነው። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ። «ቲዩብ ካለው ምን ያሰስተኛል» ብዬ ጌይኑን (የመሻከሩን መጠን) ጥግ ድረስ አዙሬው ነበር።

አሁን ጌይኑ ሩብ ላይ ነው፣ ቮልዩሙ ከግማሽ በላይ። ፔዳሉን ከማብራቴ በፊት አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ለብቻው አስተካክላለሁ። ክሩን ቀስ ብዬ ስነካው ንጹህ፣ ጠንከር አድርጌ ስመታው ትንሽ የሚሻክር እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ፔዳሉ አምፑን ይገፋዋል፤ መሻከሩን ሁለቱ ይካፈሉታል። ቶኑን (የድምፁን ውፍረትና ስለት) መጨረሻ ላይ ነው የምነካው፣ እሱንም ከባንዱ ጋር ሆኜ። ቤት ውስጥ የወደድኩትን ወፍራም ድምፅ ቤዝና ድራም ሲገቡ ውሃ በላው። ትንሽ ስል ሳደርገው ግን ተሰማሁ።

ሊገባኝ ወራት የፈጀብኝ የጊታሩ ቮልዩም ነው። ከ10 ወደ 6 ስመልሰው ፔዳሉን ሳላጠፋ ድምፁ ይጠራል። ለሶሎ መልሼ እከፍተዋለሁ፣ አለቀ። ሀምበከር (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ባለ ሁለት ጥቅል ማግኔት) ካለው ጊታር ወደ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል፣ ደከም ያለ) ስቀይር ደግሞ ጌይኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ አለብኝ።

መብራት ነገር አናዶኛል። ውስጡ ያለው 12ኤኤክስ7 ቲዩብ ለማሞቂያ ክሩ ብቻ በ6.3 ቮልት 300 ሚሊ አምፒር ይጠጣል፤ በ12.6 ቮልት ሲሠራ 150። ለፔዳሎቼ መብራት የሚያከፋፍለው፣ 100 ሚሊ አምፒር የሚሰጠው ሳጥኔ አልቻለውም። ኤልኢዲው (ትንሿ አመልካች መብራት) በራ፣ ድምፁ ግን እየተቆራረጠ ጠፋ። የራሱን አዳፕተር ይዞ መዞር ግድ ነው። (በመስኮቱ የሚታየው ያ የሚያምር ብርቱካናማ ብርሃንም የቲዩቡ አይደለም። ከጀርባው ሌላ ኤልኢዲ አለ። ስከፍተው ሳቄ መጣ።)

የከፈትኩት በአምስተኛው ወር ነው። እግሬ ፔዳሉን በነካው ቁጥር አምፑ «ቲንንን» ይል ጀመር። ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ መታ ሳደርገው ያው ድምፅ ወጣ፤ ማይክሮፎን ሆኗል ማለት ነው፣ ንዝረቱን ወደ ድምፅ ይለውጣል። ፔዳሉን ነቅዬ፣ ጥቂት ቆይቼ፣ ዘጠኙን እግሮች ሳላጣምም ቀየርኩት። መቆየቱን አትዝለሉት፤ አንዳንድ የቲዩብ ፔዳሎች ውስጥ ከ200 ቮልት በላይ አለ።

በዚያው ሌላ ዓይነት ቲዩብ፣ 12ኤዩ7ንም ሞከርኩ። ሶኬቱ አንድ ነው፣ የማጉላት አቅሙ ግን 20 አካባቢ ነው፤ የ12ኤኤክስ7 100 ነው። ጌይኑን ግማሽ ድረስ ባዞረውም ገር ሆኖ ቀረ። ለዝግታ ዘፈን ወደድኩት፣ ለሶሎ ግን አቅም አነሰው።

አሁን የተሰካው 12ኤኤክስ7 ነው። ሌላኛው በካልሲ ተጠቅልሎ የጊታር ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።