ጀርባው ክፍት ሄድፎን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ኬብሉን እዩ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቤት ቁጭ ብዬ ሙዚቃ የምሰማበት፣ ጆሮ የማያደክም፣ ብዙ ብር የማይበላ ሄድፎን የቱ ነው?» ለእያንዳንዳቸው በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ ከምልክ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፊሊፕስ ኤስኤችፒ 9500 ነው። ሱፐርሉክስ፣ ኤኬጂና ሴንሃይዘር ለምን ከሱ በኋላ እንደሚመጡብኝ ግን ስሙኝ፤ ይህን ያወቅኩት ብሬን ከስክሼ ነውና።

በ2016 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ትልቅ ስም የተጻፈበት፣ ጀርባው ወንፊት የመሰለ ሄድፎን በ3,200 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ያምራል። ባለሱቁም «ኦሪጂናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው» አለኝ። ደብረ ብርሃን ቤቴ ገብቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ በገና ከፈትኩ። ድምፁ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚዘመር ይመስላል። በወሩ ደግሞ የግራው ጆሮ ዝም አለ።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ኬብሉ አይነቀልም፤ ከሄድፎኑ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። የሚበጠሰው ሁሌ ጃኩ ሥር ነው። ልጁ ቆርጦ አዲስ ጃክ በየደበት፤ 150 ብር። በሁለት ሳምንቱ ያው ሆነ። የርካሽ ሄድፎን ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ መሐሉ ክር አለበት፣ ላዩም ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ በደንብ ካልተቃጠለ ወይም ካልተፋቀ ብየዳው የያዘ ይመስልና ይለቃል። ሦስት ጊዜ አስበየድኩት። ስፖንጁም ተልጦ 300 ብር አወጣሁበት። በመጨረሻ ጠጋኙ ጀርባውን ሲከፍተው ወንፊቱ ለጌጥ የተለጠፈ ነበር፤ ከኋላው ድፍን ፕላስቲክ ነው።

ጀርባው ክፍት የሚባለው እኮ አየርና ድምፅ በኋላ በኩል እንዲወጣ ነው። ድምፁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የታፈነ ሳይሆን ከፊታችሁ ክፍሉ ውስጥ የሚጫወት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮም አይሞቅም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ እየተጫወተ የሁለቱን ጆሮ ጀርባ በመዳፋችሁ ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑት። ድምፁ ወዲያው ከተለወጠ ክፍት ነው። ምንም ካልተለወጠ ወንፊቱ ውሸት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ፣ መልሱለት። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ሒሳቡን እዩልኝ። 3,200 ለግዢ፣ 450 ለብየዳ፣ 300 ለስፖንጅ፤ 3,950 ብር። በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ፊሊፕሱን በ70 ዶላር ገዝቶ አመጣልኝና በባንክ ምንዛሪ ተቀበለኝ። ያኔ 1 ዶላር 55 ብር ገደማ ስለነበር 3,850 ብር ሰጠሁት። ኦሪጂናሉ ከኮፒው በ100 ብር ረከሰኝ ማለት ነው! ዛሬ እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚያስከፍለው ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያው 70 ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ወደ ንጽጽሩ ልግባ። በጣም ርካሹ ሱፐርሉክስ ኤችዲ 668ቢ ነው፤ 40 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ አይቻለሁ። ለዋጋው ጎበዝ ነው፣ ይህን አልክድም። ኬብሉም ይነቀላል። ችግሩ ቀጭኑ ድምፅ ይወጋል። በገና ላይ ያ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ጅማቱ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራው ነው፤ በሱፐርሉክስ ስትሰሙት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆሯችሁን ማሸት ትጀምራላችሁ። ስፖንጁ አርቴፊሻል ቆዳ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ጓደኛዬ ይህንኑ ገዝቶ በላብ ተማረረ፤ ለቆላ ሰው አልመክረውም። በጨርቅ ስፖንጅ መቀየር ይቻላል፣ ግን ያንን ሌላ 10 ወይም 15 ዶላር ስትጨምሩበት ወደ ፊሊፕሱ ዋጋ እየተጠጋችሁ ነው።

ኤኬጂ ኬ240 ስቱዲዮ ስሙ ትልቅ ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ዘመን የቆየ ነው። ጀርባው ግን ግማሽ ክፍት ነው እንጂ ሙሉ አይደለም። ቀላል ነው፣ ክራርና ድምፃዊ ላይ ደስ ይላል። እኔን ያስቀረኝ ኬብሉ ነው። ይነቀላል፣ ግን መሰኪያው ሚኒ ኤክስኤልአር የሚባል ባለ ሦስት እግር ነው። ደብረ ብርሃን ያሉትን ሱቆች ዞሬ ጠይቄ አላገኘሁትም። ስልክ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ይህ ምን እንደሆነም አያውቅ። ኬብሉ የተበላሸ ቀን ሄድፎኑ እስኪመጣለት ድረስ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ሴንሃይዘር ኤችዲ 599 ከሁሉም ይመቻል። ጆሮን ሙሉ ለሙሉ ይውጣል፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፣ የድሮ ትዝታ ሲሰሙበት ዘፋኙ አጠገብ የተቀመጠ ይመስላል። 100 ዶላር አካባቢ ቅናሽ ላይ ካገኛችሁትና ብሩ ካላችሁ ግዙት፣ አትጸጸቱም። ለኔ ግን ያ የ30 ዶላር ልዩነት የአንድ ወር አስቤዛ ላይ የሚመጣ ነው። መሰኪያውም 2.5 ሚሊሜትር፣ ገብቶ የሚዞርና የሚቆለፍ ስለሆነ ተራ ኬብል አይሆነውም።

ፊሊፕሱ ጋ ስንመጣ የሚሰካው የምታውቁት 3.5 ሚሊሜትር ነው። ባለፈው ጥር ኬብሉ ተበጠሰብኝ። ጥግ ያለው ሱቅ ሄጄ ለመኪና ቴፕ የሚሸጠውን ኦክስ ኬብል በ120 ብር ገዛሁ፣ ሰካሁት፣ አለቀ። ጠጋኝ የለ፣ ብየዳ የለ። ስፖንጁ ጨርቅ ነው፣ ጭንቅላት አይጫንም፣ ሦስት ሰዓት አድርጌው ቡና ደረሰ ሲሉኝ ነው ትዝ የሚለኝ። ሲጠሩኝም እሰማለሁ፣ ጀርባው ክፍት ነዋ። ኦሙ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 32 ብቻ ስለሆነ ስልክ በቀላሉ ይነዳዋል፣ ቻርጅም አይፈልግ፣ መብራት ቢጠፋም ስልኬ እስካለ እሰማለሁ። «ኦሙ ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚላችሁን ባለሱቅ ግን አትስሙት። 250 እና 300 ኦም ያላቸው ብዙዎቹ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋሉ፤ ያ ሌላ ወጪ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ባሱ ትንሽ ነው፤ ደረት የሚመታ ዘፈን ለሚወድ አይሆንም። ስለማይጫን ጎንበስ ስትሉ ይንሸራተታል። ስፖንጁን መቀየር አስቸጋሪ ስለሆነ በጥንቃቄ ያዙት። ለታክሲና ለአውቶቡስ ጭራሽ አይሆንም፣ የምትሰሙትን ሁሉም ይሰማል። እኔ ማታ ባለቤቴ ስትተኛ ድምፁን እቀንሳለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በገናው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ያኔ አውልቄ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። በዝናብ ውስጥ መስማት አለብኝ የምትሉ ጀርባው ድፍን ፈልጉ።

70 ዶላሩ ጭራሽ የማይታሰብ ከሆነ ኮስ ኬኤስሲ 75 የሚባል ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ነገር አለ፤ 20 ዶላር ገደማ ነው። ኬብሉ አይነቀልም፣ ግን ድምፁ ዋጋቸው በእጥፍ ከሚበልጡት ጋር ይወዳደራል።

ስልካችሁ የሄድፎን ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ ማገናኛ ያስፈልጋችኋል። የአፕሉ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ አንድሮይድ ላይ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ስትገዙ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ጓደኞቼ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ስልካችሁን ይዛችሁ እኔ ቤት ኑ፣ ፊሊፕሱንም ያንን ኮፒም አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱንም በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ሞክሯቸው።