ለአምስት ስም አንድ ጽሑፍ፦ የአንድ የጥቅስ ትንተና አገልግሎት ግምገማ

የአንድ የትምህርት ክፍል ባልደረቦችን የኅትመት መዝገብ እንዳጠናቅር ኃላፊነት ተሰጥቶኝ፣ ቤተ መጻሕፍታችን በዓመታዊ ክፍያ የሚያገኘውን አንድ የጥቅስ ትንተና አገልግሎት (የምርምር ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚቆጥር የመረጃ ቋት) ላለፉት ሦስት ወራት በየዕለቱ ስገለገልበት ቆይቻለሁ። ስሙን ከመጥቀስ የተቆጠብኩት ያገኘሁበት እንከን የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። የእንዲህ ያሉ የመረጃ ቋቶች ግምገማ ብዙውን ጊዜ ስንት ጆርናሎችን ያካትታሉ፣ ወደ ኋላ እስከ የትኛው ዓመት ይዘልቃሉ በሚሉ ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ እኔ ግን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንድን ጽሑፍ ብዙ ሰዎች አብረው ሲጽፉት፣ ጽሑፉ የተጠቀሰበት ብዛት ለማን፣ በምን ያህል መጠን ይመዘገባል?

ከሚመሰገንበት ልጀምር። ሰውን ከሰው በመለየት በኩል አገልግሎቱ የተዋጣለት ነው። አንዲት ባልደረባችን ባለፉት ሃያ ዓመታት ስሟን በሦስት መልክ አሳትማለች፤ አንድ ጊዜ ሙሉ ስሟን፣ ሌላ ጊዜ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ፣ አንዳንዴም የስሞቹን ቅደም ተከተል ገልብጣ። ሲስተሙ ሦስቱንም በአንድ ፕሮፋይል ሥር ሰብስቦ ነው ያገኘሁት፤ ለዚህም የረዳው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ባለ 16 አኃዝ የኦርኪድ መለያ ነው። መለያውን ያላወጡትን ግን አልጎሪዝሙ ከተቋማቸው፣ ከተባባሪ ጸሐፊዎቻቸውና ከጥናት መስካቸው ተነሥቶ በግምት ያገናኛቸዋል፤ ግምቱም አልፎ አልፎ ይስታል። የሥራ ቦታ የቀየረ አንድ ባልደረባችን ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንዱ ፕሮፋይል ኤች ኢንዴክስ የሚባለው የተመራማሪ መለኪያ 6፣ በሌላው 5 ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ሁለቱ ሲዋሐዱ ቁጥሩ 9 ሆነ እንጂ 11 አልሆነም። ምክንያቱም ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ይህ መለኪያ የሚደመር ነገር አይደለም፤ ኤች ኢንዴክሱ 9 የሆነ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ የተጠቀሱ ዘጠኝ ጽሑፎች አሉት ማለት ብቻ ነው። የማስተካከያ ጥያቄዬ በ12 ቀን ውስጥ ምላሽ አግኝቷል፤ ለዚህ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ሰውየው ከታወቀ በኋላ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የመሠረተው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 የትኛው ጽሑፍ በየትኛው እንደተጠቀሰ የሚያሳየውን ማውጫ፣ የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስን፣ በታተሙ ጥራዞች ማውጣት ሲጀምር፣ የተጠቀሱት ሥራዎች የተደረደሩት በቀዳሚው ጸሐፊ ስም ብቻ ነበር። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ የፈረመ ሰው ሥራው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ከፊቱ የፈረመውን ሰው ስም አስታውሶ በዚያ ስም ሥር መፈለግ ነበረበት። ማውጫውን በወረቀት ለሚያሳትም ድርጅት ይህ ቦታ ቆጣቢ አሠራር ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ አጥኚዎች ማውጫውን የሳይንቲስቶች መመዘኛ አድርገው ስለተጠቀሙበት፣ የገጽ ቁጠባው ሳይታሰብ የፍርድ መስፈርት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የሳይንስ ታሪክ አጥኚው ዴሬክ ዴ ሶላ ፕራይስ የአንድ ጽሑፍ ዋጋ በጸሐፊዎቹ ቁጥር ተከፍሎ ለእያንዳንዳቸው ድርሻቸው ይሰጣቸው ሲል ሐሳብ ያቀረበው በዚህ መሰሉ ክርክር መካከል ነው።

የገመገምኩት አገልግሎት ሁሉንም ጸሐፊዎች ይመዘግባል፤ በዚህ ከድሮዎቹ ጥራዞች እጅግ ይሻላል። ሳይጠየቅ የሚከተለው አሠራር ግን ሙሉ ቆጠራ የሚባለው፣ ማለትም የጽሑፉን ጥቅስ በሙሉ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የሚሰጠው ነው። በእጄ ያለፈ አንድ ጽሑፍ አምስት ጸሐፊዎች ያሉት ሲሆን 40 ጊዜ ተጠቅሷል። በአምስቱም ፕሮፋይል ላይ 40 ተብሎ ተጽፏል፤ አምስቱም በአንድ የትምህርት ክፍል ያሉ በመሆናቸው፣ የግለሰቦቹን ቁጥር እየደመረ የሚሄድ ሰው ከዚህ አንድ ጽሑፍ ብቻ 200 ጥቅስ ያገኛል። አገልግሎቱ የትምህርት ክፍሉን ድምር በሚያሳይበት ገጽ ላይ ግን ያው ጽሑፍ የተቆጠረው አንድ ጊዜ ነው። የእኔ ድምርና የእርሱ ድምር አልገጥም ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስሕተቱን ከራሴ ሰንጠረዥ ስፈልግ ቆይቻለሁ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ነበሩ፤ የሚለያዩት በአቆጣጠር ሲሆን፣ ይህንን የሚገልጽ አንዲት መስመር በየትኛውም ገጽ ላይ አልነበረችም።

ክፍልፋይ ቆጠራ የሚባለው፣ ማለትም እያንዳንዱ ጸሐፊ ከ40ው 8 የሚደርሰው አሠራር፣ በአገልግሎቱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ተጨማሪ ምርጫዎች ከሚለው ሜኑ ሥር፣ ከሦስተኛው ሰሌዳ ግርጌ ተቀምጧል፤ እኔም ያገኘሁት በስድስተኛው ሳምንት በአጋጣሚ ነው። ሲጫኑት የባልደረቦቻችን ዝርዝር ቅደም ተከተል ወዲያው ተገለባበጠ። ብዙውን ጊዜ ብቻዋን የምትጽፍ አንዲት መምህርት ከታች ወደ ላይ ወጣች፤ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ የሚሠራ ሌላ ባልደረባ ደግሞ ከላይ ወደ መካከል ወረደ። ከሁለቱ አንዱም በዚያች ደቂቃ የጨመረው ወይም የቀነሰው ሥራ የለም። የቀዳሚነት ዝርዝርን እንዲህ የሚለውጥ ቁልፍ ከገጹ አናት ላይ መቀመጥ ነበረበት። ይህ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የላይደን የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ሙሉና ክፍልፋይ ቆጠራን ለተጠቃሚው ምርጫ ያቀርባል፣ ተቋማትን በምርምር ኅትመታቸው የሚያነጻጽረው ኔቸር ኢንዴክስም ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ያሳያል።

እርግጥ ነው፣ ክፍልፋይ ቆጠራም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጃክ ሄተሪንግተን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ብቻውን የጻፈውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር «እኛ» እያለ በመጻፉ፣ ጆርናሉ አይቀበለውም ተብሎ ሁሉንም እንደገና በታይፕ ከመምታት ይልቅ የድመቱን ስም ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ ብሎ በተባባሪ ጸሐፊነት አስገብቶ አሳትሞታል። በክፍልፋይ ቆጠራ ቢሰላ የጽሑፉ ግማሽ የድመቱ ነው። በሌላው ጫፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ክብደት አስመልክቶ የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማእከል በሆነው በሰርን በሚሠሩ ሁለት ቡድኖች በጋራ የታተመው ጽሑፍ 5,154 ጸሐፊዎች አሉት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱን የያዘው የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። በሙሉ ቆጠራ እያንዳንዳቸው ጽሑፉን ብቻቸውን እንደጻፉ ይቆጠራል፤ በክፍልፋይ ቆጠራ ደግሞ መሣሪያውን ለመገንባት ዓመታት የፈጀ መሐንዲስ ድርሻው ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። ለእኔ ሁለቱም አያረኩም፤ ነገር ግን አገልግሎቱ እዚህ ላይ ከአቆጣጠር ምርጫ ያለፈ ግልጽ ስሕተት ይሠራል። መረጃው ወደ ኤክሴል ሲወርድ የጸሐፊዎቹን ዝርዝር ከመቶኛው ስም ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ከወረደው ፋይል ተነሥቶ ድርሻን የሚያሰላ ሰው በ5,154 ሳይሆን በ100 ያካፍላል። በተጨማሪም ገጹ ላይ ክፍልፋይ ቆጠራን መርጬ ያወረድኩት ፋይል ተመልሶ በሙሉ ቆጠራ ተሞልቶ ነው የመጣው፤ የዓምዱ ርእስም «ጥቅስ» ከማለት በቀር የአቆጣጠሩን ዓይነት አይናገርም።

ድርሻውን በስም ቅደም ተከተል የሚያበላልጡ ቀመሮችም አሉ፤ አገልግሎቱ ስለማይሰጣቸው በራሴ ሰንጠረዥ ሞከርኳቸው። ሃርሞኒክ የሚባለው ቀመር ለመጀመሪያው ስም አንድ፣ ለሁለተኛው ግማሽ፣ ለሦስተኛው ሲሶ፣ ለአራተኛው ሩብ እያለ ይሄድና የሁሉም ድምር አንድ እንዲሆን ያስተካክለዋል። ያ የአምስት ሰዎች ጽሑፍ በዚህ ቀመር 40 ጥቅሶቹን 17.5፣ 8.8፣ 5.8፣ 4.4 እና 3.5 አድርጎ አከፋፈላቸው። ሲታይ ያምራል፤ ሆኖም ስሞቹ በሥራ ድርሻ መጠን የተደረደሩ መሆናቸውን እንደ እውነት ይዞ ነው የሚነሣው። በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የሚሰለፉት በፊደል ተራ ነው፤ በሕክምናና በሥነ ሕይወት ጥናቶች ደግሞ የመጨረሻው ስም አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ሙከራው መሪ ነው። የአምስቱ ሰዎች ጽሑፍ ከነዚህ የመጨረሻዎቹ ወገን ስለነበር፣ ሥራውን የነደፈውና የመራው ሰው 3.5 ይዞ ቀረ። ስለዚህ አገልግሎቱ ይህን ቀመር አለማካተቱን ከጉድለት አልቆጥርበትም።

የራስ ጥቅስን የሚያወጣው ማጣሪያ ሌላው ያከራከረኝ ነው። ማጣሪያው የሚቀንሰው ባለ ፕሮፋይሉ ራሱ የፈረመባቸውን ጽሑፎች ጥቅስ ብቻ ነው። ተባባሪ ጸሐፊዬ የጋራ ሥራችንን እኔ በሌለሁበት ጽሑፍ ቢጠቅሰው፣ በእርሱ ፕሮፋይል ላይ የራስ ጥቅስ ተብሎ ይወጣል፣ በእኔ ላይ ግን እንደ ባዕድ ጥቅስ ተቆጥሮ ይቀራል። የአንድ ጽሑፍ የተጣራ ቁጥር በሁለት ሰዎች ገጽ ላይ ሁለት መሆኑን ያየ የክፍል ኃላፊ፣ አንዱ አጭበርብሯል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ከጽሑፉ ጸሐፊዎች የአንዱ እንኳ ስም በጠቃሹ ላይ ካለ የራስ ጥቅስ ነው የሚለው ጠበቅ ያለ ትርጉም በምርጫ መልክ ቢቀርብ መልካም ነበር።

ጆርናሎች እየተቀበሉት የመጡት ባለ 14 ዘርፉ የአስተዋጽኦ መግለጫ፣ ማለትም ሐሳቡን ማን አመነጨ፣ መረጃውን ማን ሰበሰበ፣ ሶፍትዌሩን ማን ሠራ፣ ረቂቁን ማን ጻፈ የሚለው፣ በአገልግሎቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለቤተ መጻሕፍቱ ያቀረብኩት አስተያየት ምዝገባው ይታደስ የሚል ነው። ሰውንና ሥራውን ፈልጎ ለማግኘት፣ ማን ማንን እንደጠቀሰ ለመከታተል፣ የጎደለ ጽሑፍን ለማሟላት ይህን ያህል ድካም የሚያቀል መሣሪያ በእጃችን የለም። በፕሮፋይሉ አናት ላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥር ግን ለዕድገትም ሆነ ለምደባ በቀጥታ እንዳይገለበጥ ጠይቄአለሁ። በራሴ ሪፖርት ውስጥ የሙሉ ቆጠራውንና የክፍልፋይ ቆጠራውን ዓምዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ትይዩ የጸሐፊዎቹን ብዛት ከዋናው ኅትመት ላይ እየቆጠርኩ ሞልቻለሁ። ለአገልግሎት ሰጪውም የዓምዱ ርእስ የአቆጣጠሩን ዓይነት እንዲጠቅስ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ እስካሁን የደረሰኝ ጥያቄዬ መመዝገቡን የሚገልጽ አጭር መልእክት ነው።