የማለዳው የሰፈር ስፖርት ቡድን፦ ለኋለኛው ረድፍ ይበጃል ወይ?

ጎንደር ውስጥ አንድ የማለዳ ስፖርት ቡድን ጥሩ ነው አይደለም ሲባል ሰው ቶሎ የሚያየው ከፊት የሚሮጡትን ነው። እኛ ያየነው የኋለኛውን ረድፍ ነው። ለዓመታት ሳይሮጥ የኖረ፣ ቦርጭ ያወጣ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ገብቶ ሁለት ወር ይሰነብታል ወይስ በሳምንቱ ይቀራል? ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ የሚገናኘው፣ ስም እንኳ ያላወጣው ይህ የሰፈር ቡድን በዚህ ሚዛን ሲለካ ጥሩ ነው። የሚነቀፍበትም አለ፤ ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

ፕሮግራሙ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ 1፡00 ነው። ረቡዕና ዓርብ የተተዉት ለጾመኛው ታስቦ ነው። ማለዳ ላብ አፍስሶ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ራስ ያዞራል፤ የደከመ ጡንቻም ቶሎ አያገግምም። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ስፖርት ማቆም ስለማይሆን ሩጫው በግማሽ ይቀነስና ማፍታታቱ ይረዝማል። ደግ ውሳኔ ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ይከፈላል፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 24 ደቂቃ ሶምሶማና እርምጃ፣ 18 ደቂቃ የጡንቻ ሥራ፣ 8 ደቂቃ ማፍታታት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ልብና ሳንባን የሚያሠራ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። የጡንቻ ሥራውንና የመጨረሻውን ማፍታታት ሳንቆጥር እዚህ በቀን 34፣ በሳምንት 102 ደቂቃ ይሠራል። ለጡንቻው ይበቃል፤ ደቂቃው ግን ሦስቱንም ቀን ለሚመጣ እንኳ 48 ይጎድለዋል። አንድ ቀን የቀረ ሰው ደግሞ 68 ላይ ይቆማል፤ ሁሉም ጎደሎውን ፈጠን ባለ የእግር ጉዞ መሙላት አለበት።

የቡድኑ ዋና ጥንካሬ ያለው በ24ቷ ደቂቃ ነው። ጊዜዋ አትለወጥም፤ የሚለወጠው ውስጧ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ሁለቱም 2 ደቂቃ፣ ስድስት ጊዜ። ከዚያ 3 ደቂቃ ሶምሶማ በ1 ደቂቃ እርምጃ፣ እሱም ስድስት ጊዜ። አዲሱም ነባሩም አብረው ጀምረው አብረው ስለሚጨርሱ ‘ቡድኑን አስጠበቅኩ’ የሚል ሐፍረት የለም። የሚሮጠው ሜዳውን እየዞረ ስለሆነ ፈጣኑ ሁለት ሦስቴ ያልፍሃል እንጂ ጥሎህ አይሄድም። አስፋልት ላይ በሰልፍ የሚሮጡ ቡድኖች አዲስ ሰው የሚያጡት እዚህ ላይ ነው፤ የኋለኛው ተነጥሎ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

ፍጥነቱን ማወቂያው ወሬ ነው። አብሮህ ለሚሮጠው ‘እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?’ ብለህ ሳታቋርጥ መጠየቅ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከመተማና ከሁመራ ቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሳምንታት ትንፋሹ ቢያጥረው አይደንግጥ። እርምጃውን ያብዛ። ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት ግን ጀማሪ አይሞክረው። መውጣቱ ልብን ያስጨንቃል፤ ጉልበት የሚጎዳው ደግሞ ቁልቁል ሲሮጥ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ሙሉ ክብደትን ጉልበት ላይ ያሳርፋልና።

ጡንቻ ሥራው ላይ አሰልጣኙ የሚሠራትን አንዲት ነገር ሌሎችም ቢወስዷት እንወዳለን። ለቁጭ ብድግ ከእያንዳንዱ ጀማሪ ጀርባ በርጩማ ያስቀምጣል። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሄደው መቀመጫ ነው፣ ጉልበት አይደለም። መቀመጫ በርጩማውን ነክቶ ሳያርፍ በተረከዝ ግፊት ይነሣል። 10 ጊዜ፣ 45 ሰከንድ ዕረፍት፣ ሦስት ዙር። በርጩማው ከሌለ ሰው የት ድረስ እንደሚወርድ ስለማያውቅ ወይ ይሰስታል ወይ ሚዛኑን ያጣል። ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ይታያል፦ ተረከዝ ይነሣል፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። ተረከዝ የሚነሣው ቁርጭምጭሚት ስለደረቀ ነው፤ በርጩማውን ከፍ ባለ መተካት ያቃልለዋል። ጉልበቱ ለሚገባበት ‘የእግር ጣቶችህን አቅጣጫ ይከተል’ ማለት ይበቃል። ፑሽ አፕ ከመሬት ሳይሆን ግድግዳ ተደግፎ ይጀመራል፣ በየዙሩ 8 ጊዜ። ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፤ ሲገፉ ማስወጣት። ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህች የምር ናት፣ ትንፋሽ አምቆ መግፋት ግፊቱን በቅጽበት ያሻቅበዋል።

አሁን ወደ ነቀፌታው። ማሟሟቂያው የተሳሳተ ነው። በጥር ብርድ ገና ከብርድ ልብስ የወጣ ሰውነት ጎንበስ ብሎ ጣቱን እየነካ እንዲወዛወዝ ይደረጋል። የቀዘቀዘ ጅማት ሲጎተት የጭን የኋላ ጡንቻና ወገብ ይያዛል። ያ ወደ መጨረሻው 8 ደቂቃ ሄዶ፣ መነሻው እርምጃ፣ ክንድ ማሽከርከር፣ ጉልበት ማንሣት ይሁን።

ሰዓቱም ከወቅቱ ጋር አይሄድም። በሰኔ ፀሐይ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች፤ በጥር ግን የምትወጣው 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ ስፖርቱ ሲጀመር ጨለማ ነው። ሜዳው መብራት የለውም፣ ውሻም አለ፣ ጉድጓድ አይታይም። ከኅዳር እስከ የካቲት ግማሽ ሰዓት ቢገፋ ምንም አይጎድልም።

የዘገየ ሰው የሚከፍለው ቅጣትም ይቅር። ነባሩን አይጎዳው ይሆናል፤ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናትን ግን ያስቀራል። ሁለት ቀን የጠፋን ሰው ‘ምነው፣ በደህና ነው?’ ብሎ የሚደውል መመደባቸው ከቅጣት ሁሉ የበለጠ ይሠራል፤ ሰውን የሚመልሰው እሱ ነው። ሞንታርቦውም ይቀነስ፣ በዚያ ሰዓት ኪዳን የሚያደርስ አለ፣ የታመመም ይተኛል።

ጫማ ላይ ብዙ አንልም። ቦንዳ ቢሆንም ችግር የለው፤ ሶሉ በአንድ በኩል ያልተበላ፣ ተረከዙ ሲጫኑት የማይታጠፍ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያተርፍ ይሁን። ክረምት ላይ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ቡድኑ ወደ ኮብልስቶን ይወጣል፤ ያኔ ሶምሶማው ቀርቶ እርምጃ ብቻ ቢሆን ይሻላል፣ እርጥብ ኮብልስቶን ያንሸራትታል።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ከመግባታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በባዶ ሆድም አይምጡ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ ከመጣ ስኳር ወርዷል ማለት ነው፤ ወዲያው አቁሞ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለ መድገም። ስኳሩ በኪስ ይያዝ እንጂ ከሱቅ ይገዛል ተብሎ አይታሰብ፣ በዚያ ሰዓት ሱቅ ዝግ ነው። የደረት ሕመም ወይም ጫና የተሰማው ግን ‘ያልፋል’ ሳይል ቆሞ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ለመጀመር ማክሰኞ ይመረጣል። ቅዳሜ እስከ 40 ሰው ይመጣል፣ አሰልጣኙ አንድ ነው፣ መንገዱም ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚሄድ ሰውና በአህያ ይጨናነቃል። ማክሰኞ 10 ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ያለበትን ሕመም ለአሰልጣኙ ለብቻው የነገረ ሰው በርጩማውን ያገኛል።