እግዱ ቢከለከልም ዋናውን ክስ ላተረፈችልኝ የሕግ ባለሙያ

ስሟን አልጠቅስም፤ እንዳልጠቅስ አስምላኛለች። የምትሠራው ግን በተመድ የሠራተኞች የሕግ ድጋፍ ቢሮ ነው።

ኮንትራቴ እንደማይታደስ በደብዳቤ ተነገረኝ። የማኔጅመንት ግምገማ፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱ ውሳኔውን መልሶ እንዲመረምር፣ ጠየቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ውሳኔው እንዲታገድልኝ ለተመድ የክርክር ችሎት አመለከትሁ። ማመልከቻውን ራሴው ነኝ የጻፍኩት፤ በአንድ ሌሊት፣ በንዴት። ውድቅ ሆነ። ባልደረቦቼ በሙሉ «ይግባኝ በል እንጂ!» አሉኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ይግባኙን ይዤ ሄድኩላት።

አላጽናናችኝም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ደብዳቤው የደረሰኝን ቀን ነው። ከዚያ እርሳስ አንስታ ማመልከቻዬ ላይ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ማክበብ ጀመረች። አሥራ አራት ቦታ! እግድ ለማግኘት ውሳኔው በመጀመሪያ እይታ ሕገወጥ መምሰል አለበት፣ ነገሩ አጣዳፊ መሆን አለበት፣ ጉዳቱም በኋላ የማይካስ መሆን አለበት። የገንዘብ ኪሳራ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን አያሟላም፤ ገንዘብ በኋላ ይካሳላ። እኔ ሌላ ነገር አልጻፍኩም ነበር።

ቀጥላ የችሎቱን ደንብ አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 2 አውጥታ አሳየችኝ። በእግድ ጥያቄ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ ይግባኝ አይባልበትም ይላል። ይግባኝ ችሎቱ የሚቀበለው የሥር ችሎቱ ከሥልጣኑ በግልጽ ካለፈ ብቻ ነው። «ዳኛው ተሳስቷል ማለትና ከሥልጣኑ አልፏል ማለት ለየቅል ናቸው» አለችኝ። እሺ፣ ተሳስቷል እንበል። ከሥልጣኑ ግን አላለፈም።

ደግሞም እግዱ ቢሰጠኝ እንኳ ዕድሜው የማኔጅመንት ግምገማው እስኪያልቅ ነው። ለዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ 30 ቀን፣ ለመስክ ሠራተኛ 45 ቀን። ይግባኙ እስኪታይ ያ ጊዜ ያልፋል። «የሞተ እግድ ልታስነሣ ነው?» ስትለኝ በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሳቄ መጣ።

የማመሰግናት ግን በዋናነት ለዚህ ነው፦ እግዱ ሲከለከል ጉዳዬ ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ለካ ኮንትራቴ አለመታደሱን የምቃወምበት ዋናው ክስ አልተነካም! የግምገማው መልስ ከደረሰኝ በኋላ ክሱን ለማስገባት 90 ቀን ነበረኝ። በይግባኝ ስባክን ያ ቀን ቢያልፍ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር ጉድ የሚፈላው። ክሱን ሦስት ጊዜ መለሰችብኝ። «ንዴቱን አውጣ፣ ቀኑን አስገባ» ትለኛለች። አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አስገባን። አሁን ቀጠሮ ላይ ነው።

የተመድ ሠራተኛ ከሆናችሁ አገልግሎቱ በነፃ ነው። የማያዋጣ ጉዳይ ከሆነም ፊት ለፊት ይነግሯችኋል፤ ይህንንም ወድጄዋለሁ። ብቻ እንደ እኔ እግዱ ከተከለከለ በኋላ አትሂዱ። ከማመልከታችሁ በፊት ሂዱ፤ ደብዳቤውንና የደረሳችሁን ቀን የሚያሳይ ኢሜይል ይዛችሁ።