ለጽሕፈት ቤቷ ልጅ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ጽሑፍ ላይ እምብዛም ነኝ። ይቺን ሳልጽፍ ብቀር ግን ይቆጨኛል። እህቴ ባለፈው ሳምንት በሰላም እንግሊዝ ገብታለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግነው አንዲት ልጅ ናት፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ያላት።

መጀመሪያ የተበላነውን ልንገራችሁ። ሰው ወደ ውጭ እንልካለን የሚሉ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። እህቴ ስምንት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። «በስኪልድ ወርከር ቪዛ እንልካታለን፣ ስፖንሰር አግኝተንላታል» አሉን፤ በሙያ ተቀጥረው የሚገቡበት ቪዛ ነው፣ ስፖንሰር የሚሉትም እዚያ ያለውን ቀጣሪ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ባንዲራ፣ ፊት ለፊት ከረቫት ያሰረ ልጅ። እኔ ደግሞ ከረቫት ሳይ አምናለሁ፣ ምን ላድርግ። ባጃጄን ሸጬ «ለስፖንሰርሽፕ ሰርተፊኬት»፣ ማለትም ቀጣሪው ለሚያስመጣው ሠራተኛ ለሚሰጠው ማረጋገጫ፣ ያሉኝን 280 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ከዚያማ በዐቢይ ጾም ብንደውል «ፕሮሰስ ላይ ነው»፤ ፋሲካ አለፈ፣ «ፕሮሰስ ላይ ነው»፤ ክረምቱ ገባ፣ ስልክም ማንሳት ተዉ። መስከረም 2018 ላይ አንድ ደብዳቤ ላኩ፦ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ተገኝቷል፣ አሁን ከቪዛው ጋር የሚከፈለውን የሦስት ዓመት የጤና ክፍያ 3,105 ፓውንድ አምጡ። የእናታችንን ቦታ ለመሸጥ ደላላ ጠርተን ነበር። እውነቴን ነው።

ወደዚያች ልጅ ቤት የገባሁት ደብዳቤውን ኮፒ ላስደርግ ነው። ማሽኑ ላይ ልታስቀምጠው ስትል ዓይኗ አረፈበትና ቆመች። «ወንድምዓለም፣ ይሄን ከፍለሃል?» አለችኝ። ያላፈርኩት እፍረት የለም።

አስቀመጠችኝና ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረች። የእንግሊዝ መንግሥት ከውጭ ሠራተኛ እንዲያስመጡ ፈቃድ የሰጣቸውን ቀጣሪዎች ዝርዝር ማንም እንዲያየው በነፃ አውጥቶታል ለካ! ደብዳቤው ላይ ያለው ድርጅት ፈጽሞ የለበትም። ቀጥላ፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኛ ከውጭ መቅጠር ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ጀምሮ መቆሙን አሳየችኝ። የሰርተፊኬቱንም ክፍያ መክፈል ያለበት ቀጣሪው ነው፣ ወደ ሠራተኛው ማዞር አይፈቀድለትም አለችኝ። በመጨረሻ ቀይ እስክሪብቶ አንስታ 3,105 የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው፤ ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ። «በዓመት 1,035 ነው፣ ሒሳቡን አልተሳሳቱም። ግን በጤና ሠራተኛ ቪዛ የምትሄድ ነርስ ይሄን አትከፍልም፤ የቪዛው ክፍያም ይቀንስላታል።»

ጉልበቴ ከዳኝ። ከጎረቤት ቡና አስመጣችልኝ። ለኮፒው 5 ብር ባወጣ እጄን መለሰችው፤ «በልተውሃል፣ እኔ ደግሞ አልጨምርብህም» አለች። 280 ሺህ ሲበሉኝ ያልወጣ እንባ በ5 ብር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እህቴ ራሷ ይዛ ሄደች። የነርሶች ምዝገባ የሚሉት አለ፣ በኮምፒውተር የሚፈተኑት አለ፣ እዚያ ከገቡ በኋላ ደግሞ በተግባር የሚፈተኑት አለ፤ እኔን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዲስ አበባ፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ድረስ ሄዳለች። ወጪ የለውም አላልኩም፣ አለው እንጂ። ግን ሁሉም ደረሰኝ አለው። ልጅቷ የተረጎመችበትንና ያተመችበትን ብቻ ነው የተቀበለችን። የአባታችን ስም በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል እንደሚለያይ ያየችው እሷ ናት፤ ከዚያ በፊት ስንት ሰው ያንን ወረቀት አገላብጦታል!

እሷ ቪዛ አታወጣም፣ ሰውም አትልክም፤ ይሄን ራሷ ቀድማ ትነግራችኋለች። ግን እባካችሁ ለማንም ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩዋት። እባካችሁ! ዋናውን ያዙ፣ የስልክ ፎቶ አትወድም። እሁድ ዝግ ነው። «ስሜን እንዳታወጣ» ስላለችኝ አላወጣሁትም፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር ቤቷን አሳያለሁ።

እኔ አሁን የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው። በደጇ ባለፍኩ ቁጥር ክላክስ አደርጋለሁ፤ «አቦ ደንበኛ አታስደንግጥብኝ» ትላለች።