የሜታምፌታሚን መመርመሪያ ኩባያ፦ ለወላጆች የሚነግረውና የማይነግረው

በአሜሪካ ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጠው የአደንዛዥ ዕፅ የሽንት መመርመሪያ ኩባያ እኔ በምሠራበት የሲያትል አካባቢ የሚጠይቁኝ ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚመጡት ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አድሮ በማግስቱም እንቅልፍ ሳይወስደው፣ ምግብ ጠልቶ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ሳይነቃ ተኝቶ ሲያዩት ነው። ሜት ወይም አይስ የሚባለውን ዕፅ፣ ማለትም የሜታምፌታሚንን፣ ስሙን ሰምተዋል፤ ጥርጣሬያቸውን ለሰው ለመንገር ግን ያፍራሉ፤ ስለዚህ ኩባያው ዝም ብሎ እውነቱን እንዲነግራቸው ይፈልጋሉ። በልዩ ልዩ ስም የሚሸጡት ኩባያዎች አሠራራቸው ተመሳሳይ በመሆኑ አንዱን ምርት ነጥዬ አልገመግምም።

በኩባያው ጎን ላይ ቀጫጭን የመመርመሪያ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ እያንዳንዱም አንድን የዕፅ ዓይነት ለመለየት የተዘጋጀ ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከተወሰነው መጠን በታች ከሆነ ሁለት መስመር ይወጣል፤ ያ መጠን ለሜታምፌታሚን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 500 ወይም 1,000 ናኖግራም ነው። መጠኑ ከዚያ ካለፈ ወረቀቱ በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻውን ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእርግዝናም ሆነ በኮቪድ ምርመራ ሁለት መስመር «አለ» ማለት ሲሆን፣ በዚህ ኩባያ ግን ሁለት መስመር «የለም» ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ደብዛዛ ቢሆንም እንኳ እንደ መስመር ይቆጠራል፤ ውጤቱም «የለም» ይሆናል። መመሪያው በአማርኛ ስለማይታተም ይህንን ሳያውቁ ንጹሑን ልጅ ጥፋተኛ ማድረግ በጣም ቀላል ነው።

ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም። ዋጋው ከጥቂት ዶላር የሚጀምር ሲሆን ብዙ ዓይነት ዕፅ የሚመረምረው ደግሞ ከ30 ዶላር ሊበልጥ ይችላል። ደህና የተሠራ ኩባያ የሙቀት መለኪያ ስላለው ሽንቱ አሁን የወጣ መሆኑን ያሳያል። መግዛት ካስፈለገ ሜታምፌታሚንንና አምፌታሚንን ለየብቻ የሚመረምረውን መምረጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ሜታምፌታሚን በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ አምፌታሚን ስለሚለወጥ የወሰደው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ሲታይ፣ ለትኩረት ችግር የታዘዘለትን አዴራል የሚወስድ ልጅ ግን በተለመደው ሁኔታ በአምፌታሚኑ ላይ ብቻ ይታያል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አዴራል ተብለው በማኅበራዊ መገናኛ በሚሸጡ ሐሰተኛ እንክብሎች ውስጥ ሜታምፌታሚን እንደሚገኝ የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር አስተዳደር አስጠንቅቋል፤ ለፈተና ነቅቶ ለማጥናት ብሎ አንድ እንክብል ከጓደኛው የገዛ ተማሪ ምን እንደዋጠ ራሱም ላያውቅ ይችላል።

ኩባያው ሊሰጥ የማይችለውን ነገር መጠበቅ ግን አደገኛ ነው። ሜታምፌታሚን በሽንት ውስጥ የሚታየው ከተወሰደ በኋላ በአማካይ ከ1 እስከ 3 ቀን ድረስ በመሆኑ፣ ቅዳሜ የወሰደ ልጅ ሐሙስ ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት፣ ወይም ለድብርት የሚታዘዘው ቡፕሮፒዮን፣ ያልወሰደውን ልጅ እንደወሰደ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ኩባያው ያወጣው ውጤት በላቦራቶሪ በሚደረግ የማረጋገጫ ምርመራ እስኪጸና ድረስ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባውም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ፌንታኒል የተባለው፣ ትንፋሽ ሊያቆም የሚችለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ዕፅ ነው። እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉትን የሚለየው የተለመደው የኦፒየት ወረቀት ፌንታኒልን አይለይም፤ ራሱን የቻለ ወረቀት ያስፈልገዋል። ፌንታኒል ደግሞ ዛሬ በሐሰተኛ እንክብሎችም ሆነ በሌሎች የመንገድ ዕፆች ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። በበኩሌ ኩባያውን ለመግዛት የመጣ ወላጅ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የናሎክሶን የአፍንጫ ርጭት ቢገዛ እመርጣለሁ። ናሎክሶን ሜታምፌታሚንን አያረክስም፤ በፌንታኒል ምክንያት ትንፋሹ የቆመን ልጅ ግን ሊያተርፍ ይችላል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መግለጫ በቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ ላይ ያለውን ሥጋት ገልጿል። ሥጋቱን እጋራለሁ። ሽንቱ በውኃ አለመበረዙን ወይም ከሌላ ሰው አለመምጣቱን ለማረጋገጥ አባት በሽንት ቤቱ በር ላይ መቆም ሊኖርበት ነው፤ በዚያ መንገድ የተገኘ ውጤት ትክክል ቢሆን እንኳ ልጁ ችግሩን ለአባቱ ለመንገር የነበረውን ድፍረት ይወስድበታል።

ይኸው ኩባያ በሕክምና ተቋም ውስጥ ግን ፈጽሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ለሜታምፌታሚን ሱስ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያጸደቀው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ውጤታማነቱ በይበልጥ የተረጋገጠው ሕክምና በማበረታቻ ላይ የተመሠረተው ነው። ታካሚው በቀጠሮው ቀርቦ ሽንቱ ንጹሕ ሲሆን የስጦታ ካርድ ይሰጠዋል፤ ንጹሕ ካልሆነ ሽልማቱ ይቀርበታል እንጂ አይወቀስም፣ ከሕክምናውም አይባረርም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሜዲ-ካል በተባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የግዛቱ የጤና መድን በኩል በጀመረችው ፕሮግራም ሕክምናው ለ24 ሳምንታት ይቆያል፤ ማበረታቻውም በዓመት እስከ 599 ዶላር ይደርሳል። አሠራሩ ይበልጥ የተጠናው በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም፣ ምርመራውን ከቅጣት መለየቱ ለታዳጊዎችም ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ልጄን ለጥሩ ውጤት በገንዘብ ልሸልም ወይ ብለው የሚቆጡ ወላጆች አሉ፤ ቁጣቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሜታምፌታሚን ራሱ የአእምሮን የደስታና የሽልማት ሥርዓት የሚያዛባ ዕፅ ስለሆነ ሕክምናው በዚያው መንገድ መግባቱ ምክንያት አለው።

እንግዲህ ኩባያውን የምመክረው ልጁ አስቀድሞ አውቆና ተስማምቶ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን የሚያየው ሐኪምም ተዘጋጅቶ ሲገኝ ብቻ ነው። ተኝቶ ሳለ ክፍሉን በርብሮ ወይም አስፈራርቶ ለመመርመር ከሆነ ገንዘቡን አያውጡ። በዋሽንግተን ግዛት 13 ዓመት የሞላው ልጅ የተመላላሽ የሱስ ሕክምና በራሱ ፈቃድ መጠየቅ ስለሚችል፣ ለእርስዎ መናገር ያቃተውን ለሐኪም እንዲናገር መንገዱን ማሳየት ይቻላል። ቀጠሮ ሲይዙም የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀርም ልጅዎ የራሱን ውጤት ለእርስዎ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይፈቀድለትም።